«የሚጠበቅ ዋጋ»፦ የአንድ ሙያዊ ቃል ጉዞ ከቁማር ገበታ እስከ ኮምፒዩተር

አንድ ሙያዊ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ጽንሰ ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን የተርጓሚውንም ምርጫ ተሸክሞ ይሻገራል። ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ የሚሆነን በስታትስቲክስ፣ በኢንሹራንስና በኢኮኖሚክስ ጽሑፎች ዘወትር የሚያጋጥመንና ብዙ ጊዜ «የሚጠበቅ ዋጋ» ተብሎ የሚተረጐመው ቃል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃሉን አመጣጥ መከታተል፣ እንዲሁም የፖከር ተጫዋቾች በሚገለገሉባቸው የመዝገብ ፕሮግራሞች ውስጥ ምን ዓይነት የፍች መንሸራተት እንደ ደረሰበት ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ቁማር ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ገንዘብ አስይዘው፣ የተወሰነ ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ሁሉን እንዲወስድ ተስማምተው ሲጫወቱ ጨዋታው ቢቋረጥ ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል? ጣሊያናዊው ሉካ ፓቾሊ በ1494 ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ክፍያው እስከዚያ ድረስ በተገኘው ነጥብ መጠን እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ግን ጁላይ 29 ቀን 1654 ለፒየር ደ ፌርማ በጻፈው ደብዳቤ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ተመለከተው። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው 32 ፒስቶል አስይዘዋል፤ ሦስት ዙር ያሸነፈ 64ቱን ይወስዳል፤ አንደኛው ሁለት፣ ሌላው አንድ ዙር አሸንፈዋል። የሚቀጥለውን ዙር መሪው ቢያሸንፍ 64ቱን ይወስዳል፤ ቢሸነፍ እኩል ስለሚሆኑ 32 ይደርሰዋል። ስለዚህ 32ቱ በማናቸውም መንገድ የእርሱ ነው፤ የሚያጠራጥረው ቀሪው 32 ለሁለት ሲከፈል 48 እና 16 ይሆናል። ሚዛኑ ካለፈው ወደሚመጣው ዞረ ማለት ነው።

ፓስካል ለዚህ መጠን የተለየ ስም አልሰጠውም፤ ስሙ የመጣው በትርጉም ነው። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ስለ ዕድል ጨዋታዎች ስሌት አጭር ድርሰት በአገሩ ቋንቋ ጻፈ። መምህሩ ፍራንስ ቫን ስኮተን ወደ ላቲን መለሰውና በ1657 አሳተመው፤ የሆላንድኛው ጽሑፍ የወጣው ግን በ1660 ነው። ትርጉሙ ከዋናው ሦስት ዓመት ቀደመ። የሃይገንስ የመጀመሪያ ምሳሌ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው በአንድ እጁ 3፣ በሌላው 7 ሽልንግ ደብቆ «ምረጥ» ቢለኝ፣ ምርጫው ለእኔ 5 ሽልንግ በእርግጥ የተሰጠኝን ያህል ዋጋ አለው። ሃይገንስ እዚህ ላይ የተጠቀመበት ቃል «ካንስ» ነበር፤ ይኸውም ዕድል ወይም ዕጣ ማለት ነው። ቫን ስኮተን በላቲኑ «ኤክስፔክታቲዮ» አለው፤ ትርጕሙም መጠባበቅ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ድርሰቱን ያነበቡት በላቲን ስለ ነበር የተርጓሚው ቃል የደራሲውን ቃል አስረሳ። እንግሊዝኛው «ኤክስፔክቴሽን»፣ ጀርመንኛው «ኤርቫርቱንግ»፣ ሩስኛው «ኦዢዳኒዬ»፣ ሁሉም በመጠበቅ ዙሪያ ናቸው፤ ፈረንሳይኛው «ኤስፔራንስ» ደግሞ ጭራሹን ተስፋ ማለት ነው።

የስያሜውን ጕድለት ቀድሞ የተገነዘበው ያዕቆብ በርኑሊ ነው። በ1713 ከሞተ በኋላ በታተመው መጽሐፉ የሃይገንስን ድርሰት ከነሐተታው ሲያቀርብ፣ ቃሉ በተለመደው ፍችው መወሰድ እንደሌለበት አስጠነቀቀ። በእርሱ አስተያየት ቃሉ የተሻለውን የማግኘት ተስፋ የከፋውን በማግኘት ሥጋት ተቀንሶለት የሚቀረውን መጠን ያመለክታል።

ይህ ማስጠንቀቂያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በኮምፒዩተር ዘመን እንደገና አስፈላጊ ሆነ። ዴቪድ ስክላንስኪ በ1987 ባወጣው የፖከር ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ እያንዳንዱን ውሳኔ በዚህ መለኪያ እንዲመዘን አስተማረ። ከ2001 ወዲህ ፖከርትራከርን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በኢንተርኔት የተደረጉ ጨዋታዎችን የጽሑፍ መዝገብ እያነበቡ ያከማቹ ጀመር። ለተጫዋቹ ሁለት መስመር ይሥላሉ፦ አንዱ በእርግጥ ያገኘው ገንዘብ፣ ሌላው «የሚጠበቀው» ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ሁለት ተጫዋቾች ያላቸውን ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው 220 ዶላር አስይዘዋል፤ በድምሩ 440 ነው። አራት ካርታ በገበታው ላይ ተገልጦ አንድ ይቀራል። የሁለቱም ካርታዎች ስለ ታዩ ከ52ቱ ያልታወቁት 44 ናቸው፤ የመጀመሪያው ተጫዋች የሚያሸንፈው ከእነዚህ በ9ኙ ብቻ ነው እንበል። ድርሻው 440 ሲባዛ በ9፣ ሲካፈል ለ44፣ 90 ዶላር ይሆናል። ፕሮግራሙ ያስያዘውን 220 ቀንሶ 130 ኪሳራ ይመዘግብለታል፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ይኸው ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ክፍያው 80 ዶላር ብቻ ከነበረና 140ውን ቀደም ሲል አስይዞ ከነበረ፣ በ80 ዶላር የ90 ዶላር ድርሻ ገዝቷል፤ የዚያ ውሳኔ ዋጋ 10 ዶላር ትርፍ ነው። በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት መጠኖች በአንድ ጨዋታ ላይ አንዱ ትርፍ፣ አንዱ ኪሳራ ሆኑ።

ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙ የሚያርመው ገንዘቡ ሁሉ ከተያዘና ካርታዎቹ ከታወቁ በኋላ የሚመጣውን ዕድል ብቻ ነው። ተጫዋቹ መልካም ካርታ ስለ ደረሰው ወይም ከበረታበት ካርታ ጋር ስለ ተጋጠመ አያርምም፤ አንዱ ካርታውን ጥሎ የወጣበት ጨዋታም እንዳለ ይመዘገባል። ስለዚህ መስመሩ የችሎታ ልክ ተደርጎ ሊነበብ አይገባም።

የአማርኛው አቻ ቃል ችግሩን ያከብደዋል። በቋንቋችን «የሚጠበቅ» ሲባል የሚመጣ፣ አልፎም ግዴታ የሆነ ነገር ይሰማል፤ «ከአንተ የሚጠበቅ» ማለት ልትፈጽመው የሚገባህ ማለት ነውና። በመሆኑም «የሚጠበቀው» መስመር ከተገኘው በላይ ሲሆንለት ገበታው ዕዳ ያለበት የሚመስለው ተጫዋች የሚያነበው ሒሳቡን ሳይሆን ቃሉን ነው። ካርታ ግን ያለፈውን አያስታውስም፤ የጐደለውን ለመመለስም አይገደድም። በምሳሌያችን ያየነው 90 ዶላርም ሊጠበቅ አይችልም፤ የሚገኘው ወይ 440 ነው፣ ወይ ምንም። «ተስፋ» መልካሙን ብቻ ስለሚያሳይ አይሆንም፤ «ግምት» ደግሞ ስሌቱን ከመላምት ጋር ያደባልቀዋል።

ስለዚህ ወደ ሃይገንስ ቃል ተመልሰን ጽንሰ ሐሳቡን «የዕጣ ዋጋ» ብንለው የተሻለ ይመስለናል። ዕጣው ሳይወጣ ዋጋ እንዳለው ሎተሪ የገዛ ሁሉ ያውቃል፤ ዋጋውም ዕጣው ሲወጣ ከሚገኘው የተለየ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ የሚሥለው መስመር «በዕጣ ዋጋ የታረመ ውጤት»፣ በተግባር የተገኘው ደግሞ «አማካይ ውጤት» ቢባሉ ሦስቱ ይለያያሉ። «የሚጠበቅ ዋጋ» ከለመደበት ቦታ በአንድ ቀን አይወጣም፤ ተርጓሚው ግን ቃሉን ከመጻፉ በፊት ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።