«ቲቸር፣ ቺዙ ሻግቷል፤ ልጣለው?»

ባለፈው እሁድ ፈረንሳይ የምትኖር የድሮ ተማሪዬ ፎቶ ላከችልኝ። ክብ የእንጨት ሳጥን፣ ውስጡ ነጭ ፀጉር ያበቀለ የሚመስል ቺዝ። «ቲቸር፣ ዛሬ ነው የገዛሁት፣ ግን ሻግቷል፤ ልጣለው?» ትላለች። ስቄ ሳበቃ «እንዳትጥዪው፣ ዋናው እሱ ሻጋታው ነው!» አልኳት። ከዛ የጀመርኩት ማብራሪያ ለቴሌግራም በዛብኝና ወደዚህ አመጣሁት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቺዙ ካማምቤር ይባላል። ኖርማንዲ የምትባለው የፈረንሳይ ክፍል ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ መንደር ስም ነው። የሚወራው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ በ1791፣ አብዮቱ በተፋፋመበት ጊዜ፣ መንግሥት ያዘዘውን መሐላ አልፈጽምም ያለ አንድ ቄስ ሸሽቶ መጥቶ ማሪ አሬል የምትባል ገበሬ ቤት ይደበቃል። ሰውየው ብሪ ከሚባለው የቺዝ አገር ስለነበር ለውለታዋ ሙያውን አስተማራት።

ደስ ይላል አይደል? ችግሩ ግን በ1708 የታተመው የቶማ ኮርኔይ መዝገበ ቃላት፣ ማሪ ከመወለዷ በፊት ማለት ነው፣ ቪሙቲዬ ከተማ ገበያ ላይ ስለሚሸጠው የካማምቤር ቺዝ ይናገራል። ምናልባት ማሪ አሻሽላው ይሆናል እንጂ ከምንም ተነስታ አልፈጠረችውም። ዝናዋን ያገነነው ደግሞ አሜሪካዊ ነው። ጆሴፍ ክኒሪም የሚባል ሐኪም በ1926 ቪሙቲዬ ድረስ መጥቶ «ይሄ ቺዝ ሆዴን ፈውሶኛል፣ ለማሪ ሐውልት ይቁምላት» አለ። በ1928 ቆመላት። በ1944 የነአሜሪካ ጦር ከተማዋን በቦምብ ሲደበድብ ሐውልቱም አብሮ ተመታ። በ1953 እንደገና ሌላ ቆመ፤ ገንዘቡን ያዋጡት ኦሃዮ ያሉ የቺዝ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ታሪክ አንዳንዴ ቀልደኛ ነው።

ወደ ጣዕሙ ልመለስ። የኛ አይብ መጀመሪያ ቅቤው ተንጦ ይወጣለታል፣ ከዛ አሬራው እሳት ላይ ሲሞቅ ይረጋል፣ አጓቱ ይጠላል፣ በቀናት ውስጥ ይበላል። ጣዕሙን የሚያገኘው ከእርጎው ኮምጣጣነትና ከታጠነው ዕቃ ጭስ ነው። ለሻጋታ ጊዜ አንሰጠውም። የኖርማንዲው ካማምቤር ግን ቅቤው ሳይናጥ፣ ካልፈላ ጥሬ ወተት ይሠራል። ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ይረጋል፣ በጭልፋ ቀስ እየተባለ ወደ ቅርጹ ይገባል፣ ጨው ይደረግበታል፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ላዩ ላይ የበቀለው ሻጋታ ከውጭ ወደ ውስጥ እየሄደ ፕሮቲኑንና ስቡን ይሰባብረዋል። ያ የእንጉዳይ ሽታ፣ ያ እንደ ቅቤ መለስለስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ገና ልጅ እያለ ከቆረጡት መሐሉ እንደ ጠመኔ ነው፤ ካሳለፉት ደግሞ አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል። በጥሬው ወተት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም የየራሳቸውን ይጨምሩበታል፤ የአንዱ ገበሬ ቺዝ ከጎረቤቱ የሚለየው አንድም በዚህ ነው።

አሁን ተማሪዬን ያስደነገጣት ነጭነት። ድሮ ካማምቤር ነጭ አልነበረም! የመንደሩ ሻጋታ እንደፈቀደ ይበቅልበት ስለነበር ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ቀላ ያለ ነበር። ግን ባቡሩ መጣ፤ በ1890 ደግሞ ሪደል የሚባል መሐንዲስ ያቺን ስስ የእንጨት ሳጥን ሠራ። ቺዙ ሩቅ አገር መሄድ ቻለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወታደር ስንቅ ሆኖ ምሽግ ድረስ ገባ። ገበያው ሲሰፋ ገዢው ሁሌም አንድ ዓይነት፣ ንጹሕ የሚመስል ነገር ፈለገ። በ1898 ገደማ ዝንጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ተገኘ፤ አምራቹም ቀስ በቀስ ሌላውን ትቶ እሱን ብቻ አራባ።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ይህ ሻጋታ ከመቶ ዓመት በላይ የተራባው እንደ ሸንኮራ አገዳ፣ ከራሱ ላይ እየተቆረጠ ነው። ካማምቤር የተባለ ሁሉ የአንዱ ቅጂ ነው ማለት ይቻላል። የፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከል በ2024 መጀመሪያ ላይ እንዳስታወቀው፣ ሻጋታው ከሌላ ጋር ተዳቅሎ የመራባት ችሎታውን አጥቷል፤ የሚያሰራጨውን ዘር ማፍራት ራሱ እየከበደው ነው። አምራቾች በበቂ መጠን ማግኘት እየቸገራቸው መጥቷል። ያልጠፉ ዘመዶች አሉት፤ ከነሱ ጋር ማዳቀል ወይም እነሱን መጠቀም ይቻላል። ግን ያኔ ቀለሙ ይቀየራል፣ ጣዕሙም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ገዢው ግራጫ ቺዝ አይቶ «ሻግቷል!» ብሎ እንዳይጥለው ነው ስጋቱ። እኔ ግን ግራጫውን ብቀምስ እመርጣለሁ።

ይሄን ሁሉ ጽፌ ላኩላት። የመለሰችው ይቺን ብቻ ነው፦ «እሺ ቲቸር፣ በላሁት፣ ይጥማል። ግን ፍሪጄን ምን ላድርገው?»