የኅሊና እስረኛ

ኃይል ሳይጠቀም፣ ሌላውንም ለኃይል ሳያነሣሣ፣ በእምነቱ ወይም በአመለካከቱ ብቻ የታሰረ ሰው «የኅሊና እስረኛ» ይባላል። ስያሜውን ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ጠበቃ ፒተር ቤነንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ ስለ ስድስት እስረኞች ጻፈ፤ የፕራጉ ሊቀ ጳጳስ ዮሴፍ ቤራን አንዱ ነበሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተወለደው ከዚያ ጥሪ ነው።

ወንጀለኛ ቅጣቱን ሲጨርስ ይፈታል። የኅሊና እስረኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው እምነቱን እንዲክድ ነው።

ኤርትራን እንመልከት። ለኅሊናቸው ሲሉ ብሔራዊ አገልግሎት አንፈጽምም ያሉ ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች እ.ኤ.አ. በ1994 ታስረው፣ ክስ ሳይመሠረትባቸው ከ26 ዓመት በኋላ ተፈቱ። መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ መግባቱን የተቃወሙት ፓትርያርክ አቡነ እንጦንስም እ.ኤ.አ. በ2006 ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ2022 እስኪያርፉ ድረስ በቁም እስር ቆዩ።

ዓለም ዝም አላለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኤርትራን የሃይማኖት ነፃነትን ክፉኛ በሚጥሱ አገሮች መዝገብ አስፍራለች። ኤርትራ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ በአንቀጽ 18 የእምነት ነፃነትን ያረጋግጣል። መዝገቡ ብቻውን የእስር ቤት በር አይከፍትም፤ የኅሊና እስረኞች እስኪፈቱ ድረስ በስማቸው ሊጠሩ፣ ጉዳያቸውም ሳይታክት ሊነሣ ይገባል።