የሰፈር ማኅበርና የሰፈር ጥበቃ በአዲስ አበባ

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በሌሊት ጩኸት ሲሰማ ቀድሞ የሚደርሰው አጥር የሚጋራው ሰው ነው፤ ቤት በሐዘን ሲመታም ድንኳን የሚተክለው እርሱው ነው። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ሰዎች እንዴት ተባብረው ሲረዳዱና ሲጠባበቁ እንደ ኖሩ ማወቅ ለሹሙም፣ ለመምህሩም፣ ለተማሪውም ይጠቅማል። ለዚህ የአዲስ አበባን ታሪክ ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየጉብታው ቦታ ተሰጣቸው፤ ጭፍራውም በየጌታው ግቢ አጠገብ ጎጆውን ቀለሰ። እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉት ስሞች ይህንኑ ያስታውሱናል። በዚያን ጊዜ ሰው የሚጠበቀው የጌታው ሰው በመሆኑ ነበር። በየአገሩም ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አውጫጭኝ የሚባል ልማድ ነበረ፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰብና በደለኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም። ልማዱ ወንጀል ተሸፍኖ እንዳይቀር ረድቷል፤ ነገር ግን ንጹሑም ከበደለኛው ጋራ ሥራ ፈትቶ ይንገላታ ነበር።

ከየአገሩ ለሥራ የመጣው ሰው እየበዛ ሲሄድ፣ ዘመድ የሌለው ቢሞት ማን ይቀብረዋል የሚል ጭንቀት ተፈጠረ። ለዚህ ጭንቀት መልስ የሆነው ዕድር ነው፤ በተለይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ እጅግ ተስፋፋ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አባል ሁሉ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በምርጫ ይሾማሉ፤ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፤ ከቀብር የቀረ መቀጮ ይከፍላል። ሀብታሙም ድኻውም በአንድ ድንኳን፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ደንገገ፤ በ1959 ዓ.ም. የወጣው ደንብም ማኅበራት በአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲመዘገቡ አደረገ። በዚያው ዘመን አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው መንገድ ማስጠገንና የሌሊት ዘበኛ መቅጠር ጀመሩ። ዘበኛው ደመወዙን የሚያገኘው ከነዋሪው መዋጮ ስለሆነ፣ ተኝቶ ቢገኝ የሚጠይቀውም ነዋሪው ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቊጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር በየቀበሌው ተቋቋመ። ቀበሌው ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነውን ቤቶች አስተዳደረ፤ የፍርድ ሸንጎና የኅብረት ሱቅ ነበረው፤ በ1971 ዓ.ም. ለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሕዝቡን አሰባስቧል። ይህ መልካም ሥራው ሊካድ አይገባም። ዳሩ ግን ጥበቃው መሣሪያ ይዞ ከበላይ ትእዛዝ መቀበል በጀመረ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ቀበሌው እስር ቤት ሆነ፤ የጎረቤት ልጅ የጎረቤቱን ልጅ አሳሰረ፤ እናት ለተገደለው ልጇ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ለቅሶ ሊደርስ የተቋቋመው ዕድር አጠገቧ እያለ፣ ጥሩንባው ሳይነፋ ድንኳኑም ሳይተከል ቀረ።

ይሁን እንጂ ዕድር አልጠፋም። የኤድስ በሽታ በየቤቱ በገባ ጊዜ በርከት ያሉ ዕድሮች ሙታንን ከመቅበር አልፈው ሕመምተኞችን መጠየቅና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ያዙ። ዛሬም በየሰፈሩ ነዋሪዎች አዋጥተው የሌሊት ጥበቃ ይቀጥራሉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ዕድሩም ቀበሌውም የተመሠረቱት በጉርብትና ነው፤ የለያቸው ተጠያቂነት ነው። የዕድር ዳኛ ቢያጠፋ በወሩ ስብሰባ በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ ሒሳቡን ያስረዳል፤ የቀይ ሽብሩን ጠባቂ ግን ጎረቤቱ ሊጠይቀው አልቻለም። የሰፈርን ጸጥታ ለማደራጀት የሚነሣ ሹም ሁሉ ስለ ዘበኛው ቊጥርና ስለ መሣሪያው ከማሰቡ አስቀድሞ፣ ዘበኛው ቢያጠፋ ሰፈርተኛው ለማን አቤት ይላል ብሎ ራሱን ይጠይቅ።