«ሶኬቱን ቀይር»፤ ስለ ቦቢና፣ ስለ ካንዴላና ስለ ሽቦ መገናኛ ስያሜዎች

«የቦቢናው ሶኬት ተሰብሯልና ሶኬቱን ቀይር» የሚል ዐረፍተ ነገር በማናቸውም የአዲስ አበባ ጋራዥ ቢነገር ሰሚው ይረዳዋል፤ ተናጋሪው በጣቱ እያመለከተ ነውና። ይኸው ዐረፍተ ነገር በጥገና መመሪያ ላይ ሲጻፍ ግን የሚያመለክት ጣት የለውም። የተሰበረው ከቦቢናው ጋር አንድ አካል ሆኖ የተሠራው ክፍል ከሆነ ቦቢናው በሙሉ ተገዝቶ መተካት አለበት። በሽቦው ጫፍ ያለው ፕላስቲክ ከሆነ ግን እርሱንና በውስጡ ያሉትን ጥቂት የብረት ጫፎች መለወጥ ይበቃል። አንዱ ስያሜ ሁለቱንም ስለሚጠራ፣ መመሪያውን ያነበበ ሰው ደኅናውን አውጥቶ ሊጥልና የተጎዳውን ሊተው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ስያሜው እንዴት እንዲህ ሊደባለቅ እንደ ቻለ ከታሪኩ ተነሥቶ ለማሳየት፣ ለተርጓሚም የሚሆን መውጫ ለመጠቆም ይሞክራል።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በሮም የታተመው የኢኛሲዮ ጉይዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ከዚያ ቀድሞ የተሰናዳ በመሆኑ የመኪና አካላት ስያሜ አይጠበቅበትም። የጋራዡ ቃላት በብዛት የገቡት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአገሪቱ በቀሩት ጣሊያናውያን የእጅ ባለሙያዎች በኩል ነው። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፍሬቻ፣ ሞተሪኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጋ፣ ብሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። የፊያት 682 ጭነት መኪና መለያ የሆኑት ኤን ፊደልና 3 ቁጥር እንኳ በጣሊያንኛ ንባባቸው «ኤንትሬ» ተብለው የመኪናው መጠሪያ ሆነዋል። ከድምፅ አንጻር ልብ ሊባል የሚገባው፣ በኦኔ የሚያልቁት ቃላት የመጨረሻ አናባቢያቸውን ጥለው በ«ን» መቆማቸው ነው፤ ብሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን ለዚህ ምስክር ናቸው። ካቻቪቴ ግን አናባቢውን እንደ ያዘ ቀርቷል፤ ቦቢናና ካንዴላም እንዲሁ።

ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ፈረንሳይኛም ይህንኑ የሞተር አካል ቡዢ፣ ማለትም ሻማ ይለዋል፤ ቡዢ የሚለው ቃል ራሱ ሰም ይመጣባት ከነበረች የአልጄሪያ የወደብ ከተማ ስም የተገኘ ነው። ጀርመንኛ የማቀጣጠያ ሻማ ብሎ ሲጠራው፣ ዐረብኛም በሻማ ስም ተርጕሞታል። አማርኛ «ሻማ» የሚል ቃል ሳያጣ ትርጉሙን ትቶ ድምፁን ወሰደ። ይህን እንደ ስንፍና የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ ግን እንደ ጥቅም አየዋለሁ። ካንዴላ በአማርኛ ሌላ ትርጉም ስለሌለው አያምታታም። ቦቢናም በጣሊያንኛ ማናቸውንም ጥቅል ሊያመለክት ሲችል፣ በእኛ ጋራዥ ለማቀጣጠያው ጥቅል ብቻ ጠብቦ ተወስኗል። «የማቀጣጠያ ሽቦ ጥቅል» የሚለው ረጅም ትርጉም ከዚህ የተሻለ ግልጽነት አይሰጥም።

ስለ ራሱ ስለ ቦቢናው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በብረት እምብርት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉት፤ አንዱ ወፈር ያለና ዙሩ ጥቂት፣ ሌላው ቀጭንና ዙሩ እጅግ ብዙ ነው። በመጀመሪያው ውስጥ የሚያልፈው የ12 ቮልት ባትሪ ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ፣ በሁለተኛው ላይ በዐሥር ሺሕዎች የሚቈጠር ቮልት ይፈጠርና በካንዴላው ጫፍ ብልጭታ ይሆናል። ሌኗር እ.ኤ.አ. በ1860 በሠራው የጋዝ ሞተር ላይ የዚህ ዐይነት ጥቅል ሠርቷል። በመኪና ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የዘለቀውን የባትሪ ማቀጣጠያ ሥርዐት የሠራው ደግሞ ቻርልስ ኬተሪንግ ሲሆን፣ ሥርዐቱ ለ1910 የካዲላክ መኪኖች ተገጥሟል።

ለቋንቋ ታሪክ ዋናው ነገር፣ ያ አሮጌው ቦቢና ሶኬት ያልነበረው መሆኑ ነው። ሽቦዎቹ በሁለት ጥርስ ያላቸው ዘንጎች ላይ ገብተው በብሎን ዳዶ ይጠብቁ ነበር። የጣሊያን መካኒክ ስለ ፕላስቲክ መገናኛ ስም ያላወረሰን የሚወርሰው ነገር ስላልነበረ ነው። እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱን ቦቢና በራሱ ላይ የተሸከመበት አሠራር ሲስፋፋ፣ ባለ ቁልፉ የፕላስቲክ መገናኛ አብሮ መጣ። በዚያን ጊዜ ግን የጋራዡ የቃል ምንጭ ከጣሊያንኛ ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ ነበርና፣ በቤት ግድግዳ ላይ የሚታወቀው «ሶኬት» ተጠርቶ ሁለቱንም ወገን እንዲሸፍን ተደረገ።

ባዕዱን ቃል አስወግዶ «መሰኪያ» ማለት ችግሩን ይፈታል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖራል። አይፈታም። «መ…ያ» በሚለው ቅርጽ የሚወጣው ስም በአማርኛ መሣሪያንም ቦታንም ያመለክታልና፤ መጥረጊያ መሣሪያ ነው፣ መኖሪያ ቦታ ነው፣ መጻፊያ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «መሰኪያ» የሚሰካበትም የሚሰካውም ይሆናል፤ ድብልቁ በአገርኛ ልብስ ይመለሳል። «ተሰኪ» ብለን የሚገባውን ለይተን፣ «መሰኪያ»ን ለሚቀበለው ብንተው ይሻላል፤ ግን ይህም ብቻውን አይበቃም። የቤት ዕቃ ባለሙያ እንደሚያደርገው «ወንዴ» እና «ሴቴ» ብንል ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይገጥመናል። በቦቢናው ላይ ያሉት የብረት ዘንጎች ወንዴ ሲሆኑ በባዶ የፕላስቲክ አፎት ውስጥ ተደብቀው ይቆማሉ፤ የሽቦው ጫፍ ፕላስቲክ ወደዚያ አፎት ይገባል፣ በውስጡ ያሉት ብረቶች ግን ዘንጎቹን የሚቀበሉ ሴቴ ናቸው። ፕላስቲኩን ያየ አንድ ስም፣ ብረቱን ያየ ሌላ ስም ይሰጣል። በሙያው ደንብ ፆታው የሚወሰነው በብረቱ ነው። ለተርጓሚ ከሁሉ የሚበጀው በባለቤቱ መጥራት ይመስለኛል፤ «የቦቢናው መገናኛ» እና «የሽቦው መገናኛ» ሲባል ማንም አይስትም። የሚቆልፈውን ቀጭን ፕላስቲክ «ምላስ» ማለት በቂ ነው። በሞተሩ ሙቀት ደርቆ መጀመሪያ የሚሰበረውም ይኸው ምላስ ነው፤ ከተሰበረ በኋላ መገናኛው በንዝረት ይላላል፣ ብልጭታው ይቆራረጣል፣ ሞተሩም ይንገጫገጫል።

ስሞቹ ከውጭ ሲመጡ ግሦቹ በአብዛኛው የራሳችን ሆነው ቀርተዋል፤ ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ይልጣል፣ ይጠመዝዛል፣ ይጠቀልላል። ከእነዚህ ውስጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው «መበየድ» ነው። ብረት በእሳት የሚያያይዘውም፣ ቀጭን ሽቦ ቀልጦ በሚፈስ ቆርቆሮ የሚያገናኘውም «በየደ» ይባላል። በመመሪያ ላይ «ሽቦውን በይድ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አደጋ አለው፤ «በቆርቆሮ በይድ» መባል አለበት። ከዚህም ሌላ፣ በቆርቆሮ የተበየደ ሽቦ ድርቅ ካለው ክፍል መጨረሻ ላይ በንዝረት የመሰበር ጠባይ ስላለው፣ በመኪና ላይ የሚመረጠው የብረት ቱቦውን በሽቦው ላይ በልዩ ፒንሳ አጥብቆ መጭመቅ ነው። ለዚህ ተግባር «መቆንጠጥ» የሚለውን ግሥ አቀርባለሁ፤ እጅ የሚያደርገውን ሥራ በትክክል ይገልጻል። ቅደም ተከተሉም በቀላል አማርኛ ይነገራል፦ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፤ የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለምና ቦታ ጻፍ፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድና በተለያየ ርዝመት ቁረጥ፤ ልባሱን ላጥ፤ በሙቀት የሚኮማተረውን ቱቦ አስቀድመህ አግባ፤ ቆንጥጥ፤ ቱቦውን ወደ መጋጠሚያው ስበህ አሙቅ።

አንድ በአንድ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ያለው ቦቢና አራት ሽቦ አለው፦ የባትሪው ኃይል፣ መሬቱ፣ ኮምፒውተሩ «ብልጭ አድርግ» ብሎ የሚልከው ትእዛዝና ቦቢናው «ተደርጓል» ብሎ የሚመልሰው ማረጋገጫ። ሁለቱን የመጨረሻዎቹን «የምልክት ሽቦ» ብሎ በአንድ ስም የተረጐመ ሰው አንባቢውን ያሳስተዋል፤ ማረጋገጫው ካልደረሰ በብዙዎቹ ሞዴሎች ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይከለክላል። «የትእዛዝ ሽቦ» እና «የማረጋገጫ ሽቦ» ቢባሉ ይለያያሉ።

ቀለሙም የቋንቋችን አገባብ የሚፈተንበት ቦታ ነው። በመመሪያዎቹ ምሕጻረ ቃል መጀመሪያ የሚጻፈው የሽቦው ዋና ቀለም ነው፣ ቀጥሎ የመስመሩ። አማርኛ ግን ገላጩን ከተገላጩ ያስቀድማልና «ቀይ መስመር ያለበት ጥቁር» ስንል ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በአንድ መገናኛ ውስጥ «ጥቁር መስመር ያለበት ቀይ»ም ሊኖር ስለሚችል፣ ምሕጻሩን «ጥቁር ቀይ» ብሎ ቃል በቃል ከማስፈር ይልቅ «መደቡ ጥቁር፣ መስመሩ ቀይ» ብሎ መጻፍ ይገባል።