ኃይለኛ፣ ተናካሽ፣ አደገኛ፦ «የአደገኛ ውሻ ፍረጃ» ምን ማለት ነው?

ፍላቂት ላይ አመሻሽቶ ሰው ደጅ የደረሰ እንግዳ በሩን ገፍቶ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ ሰንሰለት ይንኳኳል፤ አንድ ልጅ ሮጦ የውሻውን አንገት ይይዝና ወደ ጥግ ይጎትተዋል፤ «ግቡ፣ ተይዟል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ውሻው እያጉረመረመ፣ እንግዳውም ዱላውን በውሻው በኩል አድርጎ ይተላለፋሉ።

በዚህች «ያዙልኝ» በምትለው ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ ሥርዓት አለ። መጪው ማስታወቅ፣ ባለቤቱም መያዝ አለበት። ሁለቱም የድርሻቸውን ከተወጡ የውሻው ጠባይ ምንም ይሁን ምን ማንም አይጎዳም።

የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ፍላቂት ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በብርዳማ ደጋ የተቀመጠች ናት። በዚያ አገር ውሻ የሚያድረው በግ ካለበት፣ ሌባና ጅብ ከሚመጡበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ «ኃይለኛ ውሻ አለው» ማለት ለባለቤቱ ምስጋና ነው። አዲስ አበባም ቢሆን በብዙ የግቢ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ የሚለጥፈውም ባለቤቱ ራሱ በፈቃዱ ነው።

አማርኛ የውሻን ጠባይ ለይቶ ለመጥራት ቃል አያጣም። «ኃይለኛ» ለጠባቂነቱ፣ «ተናካሽ» ለልማዱ፣ «እብድ» ለበሽታው ነው። ሦስቱም ስለ ውሻው ይናገራሉ። ሕግ በውሻው ላይ የሚያሳርፈውን ማዕረግ የሚገልጽ ቃል ግን እስካሁን በአፋችን አልገባም። ቃሉን የሚፈልጉት ደግሞ በተለይ ባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ብዙ የአገር ልጅ በሚኖርባት በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ጎረቤት አቤቱታ አቅርቦ መጥሪያ ሲመጣ፣ ወረቀቱ ላይ «ዴንጀረስ ዶግ» የሚል ቃል ይነበባል። ውሻው ኃይለኛ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ወረቀት አይደለም፤ ውሻውን በአንድ የሕግ መደብ ለማስገባት የተከፈተ ክስ ነው።

ለዚህ ጉዳይ የሚስማማው አማርኛ «የአደገኛ ውሻ ፍረጃ» ነው። ሥልጣን ያለው አካል፣ ፍርድ ቤት ወይም የከተማ አስተዳደር ሊሆን ይችላል፣ አንድን ውሻ ማስረጃ ሰምቶ «አደገኛ» ከሚባለው መደብ የሚያስገባበትና በባለቤቱ ላይ ግዴታ የሚጥልበት ውሳኔ ማለት ነው። «ስያሜ» ለዚህ አይበቃም፤ ስም ማውጣት ብቻ ይመስላል። «ምደባ» ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሥራ ያስመስለዋል። «ፍረጃ» ከ«ፈርጅ» የመጣ ነው፤ «ፈርጀ ብዙ» ስንል ብዙ ዓይነት፣ ብዙ መልክ ማለታችን ነውና፣ መፈረጅም ከአንድ ዓይነት ጋር አሰልፎ መቁጠር ነው። ዜና የሚያዳምጥ ሁሉ «በሽብርተኝነት ተፈረጀ» ሲባል ሰምቷል። ከዚያም ሁለት ነገር ተረድቷል፦ አንደኛ፣ የፈረጀ አካል አለ፤ ሁለተኛ፣ ፍረጃ ሊነሣ ይችላል። ለውሻ ጉዳይም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ጠባይ አይሻርም፣ ፍረጃ ግን ይሻራል።

«ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል» የሚባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይሆናል። ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ወይም በውኃ መውረጃ የተጣላ ሰው፣ የጎረቤቱን ውሻ የነገሩ መግቢያ ሊያደርገው ይችላል። በእርግጥ የተነከሰ ልጅ እናት ደግሞ አቤቱታዋ ከማንም በፊት ሊሰማ ይገባል። ሁለቱን የሚለየው ስም ሳይሆን ማስረጃ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ለመቄት ሰው እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ሰው ስለ ወጋ በሬ የተጻፈ ሕግ አለ። በሬው ቀድሞ የመውጋት ልማድ ያልነበረው ከሆነ ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ተዋጊ መሆኑ ታውቆ ባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ይከብዳል። ፍረጃ ማለት ያ «ተነግሮት» የሚለው ነገር በወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ «አላወቅሁም» ማለት አይችልም።

የቨርጂኒያ ሕግ፣ በቁጥር 3.2-6540 የሚታወቀው ድንጋጌ፣ አሠራሩን በግልጽ ያስቀምጣል። ጎረቤት ብቻውን ማንንም አያስፈርጅም፤ አቤቱታው የሚደርሰው የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኛ ዘንድ ነው። ሠራተኛው ውሻው ሰውን ወይም ሌላ ውሻና ድመትን ነክሶ፣ አጥቅቶ ወይም አቁስሎ እንደሆነ አጣርቶ ከማጅስትሬት መጥሪያ ያስወጣል። ጉዳዩ የሚታየው በጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ነው። መንግሥት ምክንያታዊ ጥርጣሬ በማያስቀር ደረጃ ማስረዳት አለበት፤ ይህም በወንጀል ክስ የሚጠየቀው ደረጃ ነው። ውሻ በዝርያው ብቻ አደገኛ ሊባል እንደማይችልም ሕጉ በግልጽ ይናገራል።

ፍረጃው ከጸና ሸክሙ ቀላል አይደለም። ባለቤቱ 150 ዶላር ከፍሎ የምስክር ወረቀት ያወጣል፤ ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን የኃላፊነት ኢንሹራንስ ወይም ዋስትና ያቀርባል። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደ፣ የተኮላሸና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት። ከቤት ሲወጣ በማሰሪያ ገመድ፣ አፉም ታስሮ ነው። ደጅ ላይ አደገኛ ውሻ መኖሩን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ መለጠፍም ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰው በፈቃዱ የሚሰቅለው ሰሌዳ፣ እዚያ በሕግ ትእዛዝ ይሰቀላል።

ፍረጃን መቃወም የሚቻለውም ሕጉ ራሱ በከፈተው በር ነው። የተጎዳው ሰው በግቢው ውስጥ ወንጀል እየፈጸመ፣ ሆነ ብሎ ያለፈቃድ ገብቶ፣ ወይም ውሻውን እየተነኮሰና እየደበደበ ከነበረ ውሻው አደገኛ አይባልም። ሕመም ወይም ቁስል ተሰምቶት፣ ወይም ራሱን ወይም ቡችሎቹን ሲከላከል ያደረገውም እንዲሁ። ስለዚህ ብልህ ባለቤት መጥሪያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ ማስረጃ ይሰበስባል። አጥሩንና የበሩን መዝጊያ ፎቶ ያነሣል፤ የክትባት ወረቀቱን ከእንስሳት ሐኪም ያወጣል፤ ያን ዕለት የነበረ ሰው ያየውን እንዲመሰክር ይጠይቃል። ከጎረቤቱ ጋር የተለዋወጠውን መልእክት ሳያጠፋ ያስቀምጣል። ቀጠሮ አያሳልፍም። ተፈርዶበት ካልተስማማ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ኮርት ይግባኝ ይላል፤ ጉዳዩም እዚያ እንደ አዲስ ይታያል።

ክርክሩ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የታሮ ታሪክ ያሳያል። ታሮ በኒው ጀርሲ፣ ሃዎርዝ በምትባል ከተማ የነበረ የአኪታ ዝርያ ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የገና ዕለት የባለቤቶቹ ዘመድ የሆነች የ10 ዓመት ልጅ ከንፈሯ ላይ ቆሰለች። ቤተሰቡ ውሻው ቧጠጣት እንጂ አልነከሳትም አለ፤ ፍርድ ቤት ግን በጊዜው አዲስ በነበረው ሕግ ክፉ ውሻ ብሎ ፈርጆ እንዲገደል ወሰነ። ይግባኝ በይግባኝ እየተከተለ ውሻው ከ1,000 ቀናት በላይ ታስሮ ቆየ። በጥር 1994 አዲሷ አገረ ገዢ ክሪስቲን ቶድ ዊትማን ከኒው ጀርሲ ለዘለቄታው እንዲወጣ አዝዘው ሞቱን አስቀሩለት። ውሻው ከአገር ተሰደደ ማለት ይቻላል።

የሌኖክስ ታሪክ መጨረሻው ሌላ ነው። ሌኖክስ የቤልፋስት ውሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 የከተማው ምክር ቤት ሠራተኞች ወሰዱት። ማንንም ነክሶ አልነበረም፤ መልኩና አካሉ ሲለካ የተከለከለውን የፒት ቡል ዓይነት ይመስላል ተብሎ ነው። ባለቤቶቹ ሁለት ዓመት ተከራክረው ተረቱ፤ ሐምሌ 2012 ተገደለ። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ አራት ዓይነት ውሾችን ከልክላ ነበር፤ በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለውን ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ሆኗል። ስለዚህ ፍረጃ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፦ በሥራው የሚፈረጅና በዘሩ የሚፈረጅ። በመጀመሪያው ባለቤቱ «አላደረገም» ብሎ ይከራከራል፤ በሁለተኛው ግን ውሻው ምንም አለማድረጉ አያድነውም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ መንገድ ይከተላል። ሕጉ የሚይዘው ባለቤቱን ነው። በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በድንገት አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱን ማንም ሊገምት ባይችልም። ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ሊቀር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ይህም ከ«ውሻ ያዙልኝ» ሥርዓት ጋር የሚገጥም ነው፤ ሳይጣራ የገባ ሰው ከጥፋቱ ድርሻ ይደርሰዋል።

ደጋው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ጎረቤቶች አስቀምጠው ማን በር ከፍቶ እንደተወ፣ ልጁ ድንጋይ ወርውሮ እንደሆነ፣ ውሻው ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የቨርጂኒያ ዳኛ ከሚጠይቀው ብዙ አይለይም። የማሳከሚያ ወጪ ይከፈላል፤ ውሻው ቀን በሰንሰለት እንዲውል ይባላል።

ግን በሽምግልናም ሆነ በፍርድ ቤት የማይታለፍ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች ወደ 99 በመቶ የሚሆኑት የሚያዙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ቢያንስ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ውሻው ጤነኛ ከመሰለ ደግሞ ተይዞ ለ10 ቀን ይታያል። እስከ 10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲናከስ በሽታውን በምራቁ አላስተላለፈም ማለት ነው። በንዴት ወዲያው የገደለው ሰው ይህን ማስረጃ ከራሱም ከተጎጂውም ይወስዳል። በሽታው ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮም ይሻገራል፤ ከላሊበላ በላይ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ለሚኖሩት ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች ሲባል ጭምር ውሻን ማስከተብ የአካባቢው ሰው ጉዳይ ነው።

ቃሉን በትክክል መምረጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ በፍርድ ቤት አዳራሽ ይታያል። ዳኛው በእንግሊዝኛ «ውሻህ አደገኛ ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንበል። አስተርጓሚው ቸኩሎ «ኃይለኛ ነው?» ቢለው፣ በመቄት ያደገ ሰው ልቡ ወደ በጎቹና ወደ ጅቡ ሄዶ «አዎ፣ በጣም ኃይለኛ ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላል። እሱ ውሻውን ማመስገኑ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን የእምነት ቃል ይሆናል። አስተርጓሚው «አደገኛ ውሻ ተብሎ ሊፈረጅ ነው፤ ምን ትላለህ?» ካለው ግን ሰውየው የቀረበበትን ያውቃል፤ አጥሩን፣ የክትባቱን ወረቀት፣ ያን ዕለት በሩን ከፍቶ የገባውን ሰው ጠቅሶ መልስ ይሰጣል።