የአርባ ምንጭ ቢጫ ወባና የሰው ገንዘብ

የግቢያችን ታሪክ ሲጻፍ ሁሌም የሚጀመረው ከ1979 ዓ.ም. ነው፤ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ከተከፈተበት። እኔ ግን ዛሬ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ ነው። በ1966 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አርባ ምንጭ የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነቱን ከጨንቻ ከተረከበች ብዙም ያልቆየች ልጅ እግር ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት ቢጫ ወባ ገባባት። ሰነዶች 2,200 ሰው ታሞ 450 ሰው ሞተ ይላሉ።

ቁጥሩን መጀመሪያ ሳነብ ደነገጥኩ። አባያ ግቢ ባዮሎጂ ስማር፣ ማታ ማታ ከትንኝ ጋር ስታገል፣ እዚሁ ከተማ ይህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅም።

ስሙም ያሳስታል። ወባ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ያቺን የለመድናትን ወባ ነው። ቢጫ ወባ ግን ሌላ ነው፤ ቫይረስ ነው፣ የሚያስተላልፈውም ሌላ ትንኝ፣ ያውም በቀን የሚናከስ። ማታ አጎበር ገብቶ መተኛት ብዙም አያድንም። በእኛ አገር ዋነኛዋ አስተላላፊ ኤዴስ ሲምፕሶኒ የምትባለው ስትሆን፣ እንቁላሏን የምትጥለው ረግረግ ውስጥ ሳይሆን በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በምትጠራቀም ጥቂት ውሃ ላይ ነው። እስቲ የጋሞን ጓሮ አስቡት፤ እንሰትና ጎደሬ የሌለበት የቱ ነው?

የአርባ ምንጩ ወረርሽኝ ድንገት የወረደ አልነበረም። ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በዙሪያው ወደ 100,000 ሰው እንደታመመና 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከታዩት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው እየተባለ ይጠቀሳል። ያን ጊዜ ሜዳ ወርደው ደም የቀዱት፣ ትንኝ የያዙት፣ ጥፋተኛዋ ሲምፕሶኒ መሆኗን የለዩት አዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ተቋም ባለሙያዎች፣ እነ ሴሪዬና አንድራል ነበሩ። ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው የዘር ሐረጉ ከዚያ ይመዘዛል። እናት ተቋሙ፣ የፓሪሱ፣ በ1888 የተከፈተው የእብድ ውሻ ክትባት ያስደነቀው ሕዝብ ከየአገሩ ባዋጣው ገንዘብ ነው።

እነ ሴሪዬ ግን ከዜሮ አልጀመሩም፤ ከነሱ በፊት ሌላ ሰው ከፍሎበት ነበር። የሮክፌለር ፋውንዴሽን ቢጫ ወባን ማጥናት የጀመረው በ1910ዎቹ ነው። ንጹሕ ደግነት ብቻ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ የፓናማ ቦይ ሲከፈት በሽታው በመርከብ ተሳፍሮ እስያ ይገባል የሚል ፍርሃትም ነበረበት። የሆነው ሆኖ ገንዘቡ አልተቋረጠም፤ ሰዎቹም ሕይወታቸውን ገበሩ። ኤድሪያን ስቶክስ በ1927 ሌጎስ ላይ፣ ሂዴዮ ኖጉቺ በ1928 አክራ ላይ በዚያው በሚያጠኑት በሽታ ሞቱ። በ1927 ከአንድ የዛሬዋ ጋና ሰው፣ አሲቢ ከሚባል ታማሚ ደም የተገኘውን ቫይረስ በፋውንዴሽኑ የኒውዮርክ ላቦራቶሪ ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ አላምደው አላምደው በ1937 17ዲ የተባለውን ክትባት አወጡ። ታይለር በ1951 ኖቤል ተሸለመበት። አሲቢ ከበሽታው ድኗል፤ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት ሁሉ የሚወለደው ከሱ ደም ነው።

ፋውንዴሽኑ በ1936 ዩጋንዳ፣ ኢንቴቤ ላይም የምርምር ተቋም ከፈተ። ሲምፕሶኒ በሙዝ ተክል መሃል ሰው እንደምትናከስና ቢጫ ወባ እንደምታስተላልፍ ቀድመው ያሳዩት የዚያ ተቋም ሰዎች ናቸው። ይኸው ላቦራቶሪ በ1947 ዚካ የተባለውንም ቫይረስ አገኘ፤ ማንም ዚካን ፈልግ ብሎት አይደለም። ላቦራቶሪ በወረርሽኝ መሃልም ሳይዘጋ ሲቆይ እንዲህ ያለ ነገር ያገኛል።

ወደኛ እንመለስ። ከ1966 በኋላ የፓስተር ሰዎች አርባ ምንጭ ዙሪያ በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶችን አጥንተው በ1976 አሳትመዋል። በሽታው ግን ለአሥርተ ዓመታት ሳይታይ ቆየ፤ ሰውም ረሳው። በ2013 ደቡብ ኦሞ ላይ ተነሣ። በ2018 ደግሞ ወላይታ፣ ኦፋ ወረዳ፤ ከአባያ ሐይቅ ብዙም አይርቅም። የታማሚዎቹ ናሙና ለማረጋገጫ የተላከው የት መሰላችሁ? ዳካር፣ ሴኔጋል ወዳለው የፓስተር ተቋም። ናሙናው አህጉር ሲያቋርጥ ትንኟ ጎደሬው ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር።

አሁን አባያ ግቢ ትንኝ የሚያራቡ፣ ዕጭ ከዕጭ የሚለዩ ሰዎች አሉን፤ በ1966 አንድም አልነበረም። ለተራው ወባ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በተገኘ ድጋፍ ብዙ ተሠርቷል፤ ከሐይቁ ዳር ያለችው ጫኖ ሚሌ ብቻዋን ስንት ጥናት አስተናግዳለች! ቢጫ ወባ ግን ገንዘብ የሚያገኘው ሰው ሲሞት ነው፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ ለዘንድሮው መዋጮ አንድ ሐሳብ አለኝ። ወንበርና ድንኳን ይቆየን። አንድ የማስተርስ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ከከተማው እስከ ዶርዜ ወጥቶ ከእንሰትና ከጎደሬ ብብት ውሃ እየመጠጠ ዕጭ እንዲቆጥር የሚያስፈልገው የትራንስፖርት፣ የጠብታ መምጠጫ፣ የአልኮልና የብልቃጥ ወጪ ነው። ከየባቹ አንድ አንድ ሰው ቢያዋጣ ይሞላል። የመጀመሪያውን እኔ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ገንዘብ ያዡ ጋ አለ።