ከደረቅ ጭቃ የወጣችው ባለቀንድ

የዛሬው ወሬ ስለ አንዲት የውሃ ቁንጫ ነው። ቁንጫ ስትባል ሰምታችሁ አትሽሹ፤ ሰው አትነክስም፣ ደምም አትመጥም፤ ዝምድናዋ ከነሸርጣን ነው። ቁመቷ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በማጉያ መነጽር ያያት ሰው ልቧ ሲመታ፣ የበላችው አረንጓዴ ነገር በአንጀቷ ሲያልፍ፣ በጀርባዋ ያዘለቻቸው ልጆች ሲላወሱ ያያል። ኩሬ ውስጥ ዘለል ዘለል እያለች፣ ውሃውን በጸጉራም እግሮቿ እያጣራች ደቃቁን አልጌ ትለቅማለች፤ ትንንሽ ዓሦች ደግሞ እሷን ይለቅማሉ።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1880 ካርል ሉምሆልትዝ የሚባል ኖርዌያዊ ተነሣና በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ሄደ፤ ሄደና ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ሮክሃምፕተን ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ግሬስሜር ከሚባል የከብት እርባታ ደረሰ፤ ደረሰና ባለቤቶቹ አርቸር የሚባሉ፣ ዘራቸው ከስኮትላንድ ቤታቸው ከኖርዌይ የሆነ ሰዎች ስለነበሩ እንደ አገር ልጅ ተቀበሉት። (ሰው የትም ቢሄድ ዘመድ አያጣም መሰለኝ።) ከዚያ በኋላ በየጫካው ሲንከራተት ከረመ፤ የእንስሳት ቆዳና አጥንትም ለክርስቲያኒያ፣ ዛሬ ኦስሎ ለምትባለው ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ሰበሰበ። ከዚያ ሁሉ ጓዝ መካከል ታዲያ ሌባ እንኳ የማይመኘው አንድ ነገር ነበረበት፦ ከግሬስሜር ሐይቅ የተወሰደ ደረቅ ጭቃ።

ጭቃውን የተረከበው የባሕር ፍጥረታት ተመራማሪው ጌኦርግ ኦሲያን ሳርስ ነው። ሳርስ አይቶ የማይጠግብ ሰው ነበር፤ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ የኮድ ዓሣ እንቁላል ከባሕሩ ወለል ላይ እንደማይቀመጥ፣ ከላይ ተንሳፍፎ እንደሚያድግ ያየ እሱ ነው። እናም ጭቃውን በመስታወት ገንዳ አስቀመጠው፣ ውሃ ጨመረበት፣ ከዚያም ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያም ከዓለም ማዶ የመጣው ትቢያ ነፍስ ዘራ።

ተአምር አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ኑሮ ሲመቻት የውሃ ቁንጫ ወንድ አትሻም፤ ብቻዋን ሴቶች ልጆች ትወልዳለች፣ እነሱም እንደ እናታቸው ይወልዳሉ። ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ምግብ ሲያንስ፣ ኩሬው ሲጣበብ፣ ያን ጊዜ ወንዶች ይወለዳሉ፤ ከዚያም እናቲቱ ከጀርባዋ ኮርቻ በመሰለ ጠንካራ ከረጢት ሁለት እንቁላል ቋጥራ ትጥላለች። ኩሬው ይደርቃል፣ እናት ትሞታለች፣ ጭቃው ይሰነጠቃል፣ ትቢያውን ንፋስ ያነሣዋል፣ የወፍ እግርም ይሸከመዋል፤ እንቁላሉ ግን ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለአሥርት ዓመታት፣ ዝናብ ይጠብቃል።

ሳርስ ከገንዳው የወጡትን በሕይወት ሳሉ እያየ በእጁ ሳላቸው። ከነሱ መካከል አንዷ ከሚያውቃቸው ሁሉ ተለየችበት። ራሷ ላይ የሾለ ረጅም ቀንድ አላት፤ ከኋላዋ ረጅም የጅራት እሾህ አላት፤ የቅርፊቷ ጠርዝ በእሾህ የተደረደረ ነው፤ ከራሷ ግራና ቀኝም ሹል ጫፍ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1885 መልኳን ጽፎ አሳተመ፣ ጭቃውን በላከው ሰው ስምም ዳፍኒያ ሉምሆልትዚ አላት።

እዚህ ላይ ግን ረጋ እንበል፤ ዝርያ መለየት ቀንድ አይቶ መፍረድ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ሊቃውንት ነበርን። ይህች ፍጥረት የዓሣ ሽታ ያለበት ውሃ ውስጥ ስታድግ፣ የሚውጣት አፍ እንዲቸገር፣ ቀንዷንና እሾኋን ታስረዝማለች። ዓሣ በሌለበት ውሃ ያደገችው ደግሞ ራሷ ክብ ሊሆን ይችላል። ክብ ራሷን ከአፍሪካ ሐይቅ ያገኙ ሰዎች በጊዜው ሌላ ስም ሰጥተዋት ነበር። ስለዚህ የውሃ ቁንጫ የሚመረምር ሰው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሆዷ ጫፍ ያለውን ጥፍር፣ በጥፍሩ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተሰደሩትን ጥቃቅን ጥርሶች፣ የአፍንጫዋን ቅርጽ፣ የእንቁላሏን ከረጢት ያያል፤ ዛሬ ዛሬ ዲኤንኤዋንም ያነባል። ዓይን የሚያደክም ሥራ ነው፤ ደመወዙም ብዙ አይመስለኝም።

ባለቀንዷ የአውስትራሊያ ብቻ አልነበረችም። በእስያም በአፍሪካም ትኖራለች፤ የኛ ጣና ውስጥም አለች። እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት የጣናን ጥቃቅን ፍጥረታት ከውሃው ድፍርስነት ጋር አያይዘው ሲመረምሩ እሷንም ቆጥረዋታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግራ ቴክሳስና ሚዙሪ ውስጥ ተገኘች፤ አሜሪካኖቹም እንደ ወራሪ ያዩዋታል።

አሁን ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ወደ ቆሼ እንምጣ። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ ክምር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች መግደሉን ለናንተ መንገር አይገባኝም፤ ነፍስ ይማር ብለን እንለፍ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ክምሩ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሰርጎም ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል፣ ወጥቶም ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ አባ ሳሙኤልም ወደ አዋሽ።

እንዲህ ያለ ፍሳሽ በሌላው ዓለም ሲመረመር ከሚጠሩት ምስክሮች አንዷ የባለቀንዷ ትልቅ ዘመድ፣ ዳፍኒያ ማግና ናት። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸውን ልጆቿን በፍሳሹ ውስጥ ያስገባሉ፣ 48 ሰዓት ይጠብቃሉ፣ ከዚያም መንቀሳቀስ ያቆሙትን ይቆጥራሉ። የኬሚስቱ ወረቀት በውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ይዘረዝራል፤ በዚያ ውሃ መኖር ይቻል እንደሆነ ግን የምትናገረው እሷ ናት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁለቱ የማምነው እሷን ነው።

ቢሆንም ከላብራቶሪ የመጣችውን እንግዳ ከመጠየቅ በፊት የገዛ ውሃችንን ነዋሪ በስሟ ማወቅ ይቀድማል። ስለዚህ እናንተ አራት ኪሎ ባዮሎጂ የምትማሩ ልጆች፣ በጋ ሲሆን ብቅ በሉ፤ ከቆሼ በላይም ከቆሼ በታችም ከደረቀ ኩሬ አንዳንድ እፍኝ ጭቃ ውሰዱ፣ ከየት እንደወሰዳችሁት ጻፉበት፣ ንጹሕ ውሃ ጨምሩና ጠብቁ። ከላይኛው ወጥቶ ከታችኛው ያልወጣ ካለ፣ ወይም ከሁለቱም አንዳች ካልወጣ፣ ያንንም ጻፉት። የወጣች እንደሆነ ሳሏት፣ ጥርሷን ቁጠሩ፣ ክብ ራስ ብትሆንም አትቸኩሉ። ጭቃውን ስታነሡ ግን ጓንት አድርጉ።